ኤድፉ ላይ የወረድንበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ወንድሟ እናታቸውን ግብፅ ሊያስጎበኝ ቲኬት ቆርጧል። በዓባይ ላይ በመርከብ ነው የሚሄዱት። «አንቺ እማማን ይዘሽ ሄደሽ የለ? ምን ልያዝ? ምን ልጠንቀቅ?» አለችኝ። በረካው እስኪጠጣ ድረስ አወራኋት። ከሄደች በኋላ ግን ያልነገርኳት ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ያማታል፣ ግፊትም አለባት። እህቴ የምትኖረው ጀርመን ነው። በ2017 ኅዳር ላይ ሦስታችንም ካይሮ ተገናኘን። ከዚያ ሉክሶር ሄደን መርከብ ላይ ወጣን። አራት ሌሊት አድረን አስዋን ወረድን። መርከቡን ውኃ ላይ የሚሄድ ሆቴል በሉት። መኝታ ክፍል አለው፣ ምግብ ቤት አለው፣ ከላይ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣችሁ የወንዙን ዳር ታያላችሁ። ዳር ዳሩ ሸንኮራ አገዳና ተምር ነው። ትንሽ ራቅ ሲል በረሃ ይጀምራል።

ስለ ሉክሶርና ስለ አስዋን የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የምጽፈው በመሀል ስላለችው ስለ ኤድፉ ነው። ኤድፉ በዓባይ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሉክሶር ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መርከቦች የሚቆሙባት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሰው ወርዶ ቤተ መቅደሱን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ለእኛ ለሸዋ ሰዎች ግን ከመንገዱ ሁሉ ልብ የምትነካው እሷ ናት።

መጀመሪያ የዝግጅቱን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ቪዛችሁን ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። የእናታችሁ መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ጋቢ አትርሱ። ግብፅ በረሃ አይደለም እንዴ ትሉ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ዓባይ ላይ ይበርዳል። እህቴ በጃኬት ስትንቀጠቀጥ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ተመችቷት ነበር። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን አቅመ ደካማ ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ኤድፉ የደረስነው ሌሊት ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ወንዙን አላየሁም። ያየሁት የሌላ መርከብ መስኮት ነው። ወደቡ ለሁሉም ስለማይበቃ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታሰራሉ። የእኛ ከዳር አራተኛው ነበር። መሬት ለመርገጥ በሦስት መርከቦች እንግዳ መቀበያ ውስጥ አቋርጦ ማለፍ ነው። በአንዱና በሌላው መሀል አጭር መሸጋገሪያ ይዘረጋል። ከሥሩ ውኃው ይታያል። እናት የያዘ ሰው እዚህ ጋ ይጠንቀቅ። እኔ ከፊት ሆኜ እጇን ያዝኩ፣ እህቴ ከኋላ ሆነች። ሠራተኞቹም ደግፈው ያሻግራሉ። ሌላ ነገር፦ የመርከባችሁን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለእናታችሁም ስጧት። መርከቦቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ስትመለሱ ደግሞ ቦታ ተቀያይረው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ከወደቡ እስከ ቤተ መቅደሱ የሚኬደው በፈረስ ጋሪ ነው። የእነሱ ጋሪ ጣሪያ አለው፣ ጎማውም አራት ነው። የፈረሱ ሽታና የኮቴው ድምፅ ግን ያው የኛው ነው። እማዬ ገና ስታየው ፊቷ በራ። የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ፈረስ ነበራቸው። የተመደበልን ጋሪ ላይ ከመውጣቷ በፊት ወደ ፈረሱ ሄደች። አንገቱን ዳበሰችው። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ በጣቷ ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ፀጉሩ አልቋል፣ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«ይሄማ ቆስሏል። እኔ በዚህ ላይ አልወጣም» አለች።

ባለጋሪው ተቆጣ። አስጎብኚያችን ጊዜ የለንም አለ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። በተደረደሩት ጋሪዎች አጠገብ እያለፈች ትከሻቸውን፣ እግራቸውን አየች። መጨረሻ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ፊት ቆመች። ጎኑ የሞላ፣ ማሰሪያው ሥር ጨርቅ የተደረገለት ነው። ዛቡን የያዘው ገና ልጅ እግር ነበር። «የዚህ ልጅ እናት ምን ዓይነት ሰው ናት!» አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ፈረሱን ሳታዩ አትውጡ። ጋሪው የማይመቻችሁ ከሆነ ከተማው ውስጥ ባጃጅም አለ። ክፍያው ከመርከቡ ጋር ያለቀ ከሆነ ለባለጋሪው የምትሰጡት ጉርሻ ብቻ ነው። ለዚህም ለመጸዳጃ ቤትም ዝርዝር የግብፅ ገንዘብ በኪሳችሁ ይኑር።

ቤተ መቅደሱ በር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። እማዬ ቆም አለች። «የጣዖት ቤት አይደለም እንዴ? እንዴት አድርጌ ነው በጾም የምገባው?» ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር። እናንተም ከእናቶቻችሁ ጋር ይህ ሊገጥማችሁ ይችላል። አትጫኗቸው። እኛ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቦታው አምልኮ ካቆመ ከ1,600 ዓመት በላይ እንደሆነ ነገርኳት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ391 የሮሙ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ የጣዖት አምልኮን ከልክሏል። ግድግዳው ላይ ካሉት ምስሎች የብዙዎቹ ፊት ተፈልፍሎ ጠፍቷል። ያጠፏቸው የዚያ ዘመን ክርስቲያኖች እንደሆኑ ይነገራል። አሁን የሚጸልይበት የለም፤ ሰው የሚገባው የድሮ ሥራ ሊያይ ነው። ትንሽ አሰበችና አማተበች። «እስቲ ልየው» ብላ ተነሳች።

ቤተ መቅደሱ የሆረስ ነው። ሆረስ በጭልፊት የሚመሰል የጥንት ግብፆች አምላክ ነበር። በሩ ላይ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ጭልፊት ዘውድ ደፍቶ ቆሟል። ሁሉም ተሰልፎ እዚያ ነው ፎቶ የሚነሳው። ግንባታው የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ነው። ያለቀው በ57 ነው። 180 ዓመት ማለት ነው። የፊት ግንቡ ቁመት 36 ሜትር ነው። ለረጅም ዘመን አሸዋ ውጦት ነበር። ሰዎች ጣሪያው ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩበት ነበር። ኦጉስት ማርየት የሚባል ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ነው አስቆፍሮ ያወጣው። ብዙዎቹ የግብፅ ቤተ መቅደሶች ፈራርሰዋል። ይሄ ጣሪያው ሳይቀር አለ።

ውስጡን ያስተዋለችው እማዬ ናት። መጀመሪያ ሰፊ ግቢ አለ። ቀጥሎ ትልልቅ ዓምዶች ያሉበት አዳራሽ። እየገባችሁ ስትሄዱ ወለሉ ከፍ፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ጨለም ያለች ትንሽ ክፍል አለች፤ እዚያ ይገቡ የነበሩት ካህናት ብቻ ናቸው። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ እኔ ለእሷ ተረጎምኩላት። «ታዲያ ይኼ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አይደለም?» አለችኝ። ሠላሳ ሰው የሰማውን ሰምተን ነው፤ እሷ ግን ቤቱን አወቀችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በምሥራቅ በኩል፣ በሕንፃውና በውጭው ግንብ መሀል ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ ጋ ከግንቡ ሥር ወደ መሬት የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ቡድኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ያልፉታል። የኛም አስጎብኚ በጣቱ ጠቁሞ አለፈ። እኔ ግን ከመሄዴ በፊት ስለሱ አንብቤ ነበርና እማዬን ይዤ ቀረሁ። የዓባይ መለኪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ሲሞላ ውኃው በመሬት ውስጥ ሰርጎ ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ይላል። ካህናቱ በደረጃው ወርደው ውኃው የት ድረስ እንደወጣ ያነባሉ። ውኃው ካነሰ ማሳው አይጠጣም፤ ረሃብ ይመጣል። ከመጠን በላይ ከሆነ ቤትና እህል ይዞ ይሄዳል። ልክ ከሆነ ጥጋብ ነው። ንጉሡም የዓመቱን ግብር የሚገምተው ከዚሁ ነው። አገሩ ሁሉ በዚህ ጉድጓድ ላይ ዓይኑን ጥሎ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ያ ጎርፍ የሚመጣው ከእኛ ክረምት ነው። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ገደማው የሚነሳው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው ወንዙን እዚያ ድረስ የሚያስሞላው። ይህን ለእማዬ በምን ልንገራት ብዬ አሰብኩ። በበሬሳ ነገርኳት። በሬሳ ከደብረ ብርሃን ሥር አልፎ ጀማ ይገባል። ጀማ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ሱዳን ወርዶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ አስዋን፣ ከዚያ እዚህ።

እማዬ መጀመሪያ ምንም አላለችም። ጎንበስ ብላ የደረጃውን ጎን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ከታች እርጥበት ይሸታል፤ እንደ ጎተራ ውስጥ ዓይነት ሽታ። ልጅ ሆና ነሐሴ ላይ በሬሳ ሞልቶ ሁለት በግ ወስዶባቸዋል። አያቴ ወንዙ ዳር ቆመው ሲያለቅሱ አይታለች። እኔም ይህን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግሁት። አሁን እጇን ድንጋዩ ላይ እንዳደረገች «እኛ ጎርፍ መጣ እያልን ስንሸሽ፣ እነዚህ ቁጭ ብለው በደረጃ ይቆጥሩት ነበር!» አለች።

የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 በአውሮፓ አቆጣጠር ካለቀ ወዲህ ያ የክረምት ሙላት ኤድፉ አይደርስም። ጉድጓዱም ሥራ ፈትቷል። እናንተ ግን ሳታዩት እንዳትመለሱ። አስጎብኚው ካለፈው «የዓባይ መለኪያውን አሳየን» በሉት። አምስት ደቂቃ ቢበቃው ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ጥፋት ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። እኔና እህቴ በምዕራቡ ግንብ ላይ ያለውን ሥዕል ማየት ፈለግን። ሆረስ «ሴት» የሚባለውን ጠላቱን አምላክ በጉማሬ መልክ በጦር ሲወጋው የሚያሳይ ነው። እማዬ ደክሟት ነበር። ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ፣ ከቡድናችን አንዲት ትልቅ ሴት አጠገብ አስቀመጥናት። አስጎብኚው «ዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ» ብሏል። እኔም ቃል በቃል «በዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ እንገናኛለን» አልኳት። እሷ የምታውቀው ዘጠኝ ሰዓት የከሰዓት በኋላውን ነው። የእጅ ሰዓቷ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንደተነሳ ነው፤ ያን ጊዜ ግብፅ ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች። በፈረንጅ ዘጠኝ ሲሆን የእሷ ሰዓት የሚያሳየው አራት ነው። እሷ ገና አምስት ሰዓት አለን ብላለች።

በሰዓቱ በሩ ላይ ስንደርስ ያቺ ሴትዮ ብቻዋን መጣች። እማዬ «መጣሁ» ብላት ተነስታ ሄዳለች። አስጎብኚው አሥር ደቂቃ ጠበቀና ሌሎቹን ይዞ ሄደ። እኔና እህቴ ተለያይተን ፈለግናት። አዳራሹን፣ ግቢውን፣ መጸዳጃ ቤቱን። ስልክ የላትም። ቋንቋ አታውቅም። የግፊት መድኃኒቷ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያገኘናት የት መሰላችሁ? የዓባይ መለኪያው ጋ። ጥበቃው የራሱን ወንበር አምጥቶላታል። በብርጭቆ ሻይ ይዛለች። እሱ በአረብኛ «ሐጋ» እያለ ያወራል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች። ሐጋ ትልቅ ሴት የሚያከብሩበት ቃል ነው።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ተመለስሽ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ውኃው ይሰማ እንደሆነ ላዳምጥ ብዬ ነዋ። ገና ነው ብለሽኝ የለ?»

እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥበቃው ለኔም ሻይ አመጣ።

ስለዚህ ሰዓት ስትናገሩ ቁጥሩን ብቻ አትተርጉሙ። በሀበሻ ሰዓት መልሳችሁ ንገሯቸው። የእጅ ሰዓታቸውንም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስተካክሉላቸው። ስማቸውን፣ የመርከቡን ስምና የእናንተን ስልክ የያዘ ወረቀት ኪሳቸው ይግባ። መድኃኒቱም እነሱ ጋ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻቸውን አትተዉ። ከሦስት ሰው አንዱ ሁልጊዜ አብሯቸው ይቀመጥ፤ ጉማሬው ይቅር።

ስንወጣ ቡድኑ የለም። ያ ልጅ ግን ዳማ ፈረሱን ይዞ እየጠበቀን ነበር። ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ኢትዮጵያ አልነው። «ሐበሻ!» አለና ስለ ሕዳሴ ግድባችን አነሳ። ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማችኋል። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ የጠየቃችሁ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ፈልጎ ነው። እህቴ ፈገግ ብላ «ወንዛችን አንድ ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። ራሱን ነቀነቀና ዛቡን ሳብ አደረገ።

መርከቡ የሚነሳው ከቀኑ 8 ሰዓት ስለነበር ጊዜ ነበረን። ወደቡ አጠገብ ፉል የምትሸጥ ሴት አየን። እዚህ ላይ አንድ ቃል ያዙልኝ፦ «ሲያሚ»። የጾም ምግብ ማለት ነው። የግብፅ ክርስቲያኖችም እንደኛው ስለሚጾሙ ሁሉም ያውቀዋል። መርከቡ ላይ ሥጋና ወተት ስለሚበዛ እማዬ ሁለት ቀን ዳቦና ሰላጣ ብቻ ነበር የበላችው። ቃሉን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አስቀድማችሁ ለመርከቡ ምግብ ቤት ብትናገሩ ያዘጋጃሉ። አንድ ልዩነት ግን አለ። እነሱ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላሉ፤ ስለዚህ ዓሣ እንደማትፈልጉ ለይታችሁ ንገሯቸው።

ሴትዮዋ ፉሉን ስታቀርብ የእማዬን ግንባር አየች። እማዬ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ በልጅነቷ የተነቀሰችው። ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ የቀኝ እጇን አንጓ ገለጠች። ትንሽዬ ሰማያዊ መስቀል። እማዬ ጎንበስ ብላ አንጓዋን ሳመችው። ምን ብለው ያውሩ? እማዬ የምታውቀው አንድ ቃል ነበር። «ኪርያላይሶን» አለች። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላና ያንኑ መለሰችላት። ከዚያ ቆጠሩ፤ በጣት። የእነሱ ወር ሃቱር ነው፤ ከኛ ኅዳር ጋር በአንድ ቀን ይገባል፣ በአንድ ቀን ይወጣል። አዲሱ ዓመታቸውም መስከረም 1 ነው። የፉሉን ገንዘብ አልቀበልም ብላ በግድ ነው የሰጠናት።

ስንመለስ እንደፈራሁት መርከባችን ቦታ ቀይሮ ነበር። በወረቀቱ ጠይቀን አገኘነው። ከሰዓት በኋላ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ወደ ኮም ኦምቦ ሲጓዝ እማዬ ሰገነቱ ላይ ጋቢዋን ለብሳ ውኃውን ስታይ ዋለች። ኮም ኦምቦ ምሽት ላይ ነው የደረስነው። እሷ አልወረደችም። «የዛሬው በቅቶኛል» አለች፤ እኛም አልጎተጎትናትም።

ከተመለስን በኋላ በነበረው ነሐሴ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። በሬሳ ድልድይ ላይ ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና ገለባ ይዞ ይወርዳል። እማዬ ጃንጥላውን ለኔ ሰጥታ መደገፊያውን ያዘች። ቆይታ ቆይታ «ዛሬ ቢሆን ስንተኛው ደረጃ ላይ ይደርስ ነበር?» አለችኝ።